የፍቅር ፊልም የማይመለከታቸው

በ2096 ዓ.ም. ኅዳር ወር ውስጥ ጋሽ ሳህሌ ወንድይራድ ለሁለተኛ ጊዜ «የፍቅር ፊልም አይመለከተውም» ተባለ። ወረቀቱን በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ ምንም ቢራቀቅ እምቢታ አሁንም በወረቀት ነው የሚሰጠው።

ስሜ ትርሲት ነው። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሲኒማ፣ የመለያ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው ይህን ያህል አይከብድም። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ትሬይለር ያያል። እሱ ትሬይለሩን ሲያይ መለያው፣ ማለትም ፊት የሚያነበው መሣሪያ፣ እሱን ያያል። ሲያልቅ በሩ አጠገብ መብራት ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ፊልሙ ይመለከተዋል ማለት ነው፤ የወንበር ቁጥር ይሰጠዋል። ግራጫ ከሆነ ወረቀቱን እዘረጋለትና «አይዞህ፣ የጦርነት ፊልም አለልህ» እለዋለሁ። ይህቺን አባባል መሥሪያ ቤቱ ነው ያስጠናኝ።

አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቀዝቃዛ ፊት የፊልሙን ነጥብ ያወርዳል። ነጥቡ የወረደ ፊልም በማግስቱ ከከተማው ይነሳል። ስለዚህ የፍቅር ፊልም የሚያየው የፍቅር ፊልም የሚወድ ብቻ ነው፤ የጦርነቱም እንደዚሁ። ሁሉም የሚወደውን ያያል፣ የሚጠላውን የሚያይ የለም፣ የሚያጉረመርም የለም። እኔም አጉረምርሜ አላውቅም ነበር።

ከከዚራ እስከ መጋላ በእግራችሁ ብትሄዱ ግድግዳው ሁሉ ትሬይለር ነው፤ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የየራሱ። አንዱ ይስቃል፣ ከጎኑ ያለችው እንባዋን ትጠርጋለች፣ ሦስተኛው ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል፤ ሦስቱም የቆሙት አንድ ግድግዳ ፊት ነው። ሽማግሌ ሲላክ የልጁን ዘር መቁጠር ከቀረ ቆይቷል። የልጅቷ አባት የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ትሬይለር ነው የሚመጣለት?» ብሎ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የፊት ትምህርት አለ። ልጆቹ መለያው በደንብ እንዲያነባቸው በሰልፍ ቆመው ፈገግታ ይለማመዳሉ። እኔ በፈገግታ ዘጠና አራት ነበር ያመጣሁት፤ እናቴ ካርዱን እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች።

ጋሽ ሳህሌ ይህን ትምህርት አልተማረም። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ፣ የድሬን ጣሪያ ሁሉ በእግሩ የሚያውቅ ሰው። ሚስቱ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የጦርነት ትሬይለር ብቻ ሲመጣለት «ይሁና» ብሎ ኖሯል። አሁን ግን ልቡ ሸፍቷል። እትዬ ፋናዬን ወዷል።

እትዬ ፋናዬ ሲኒማው ፊት ለፊት ሙሸበክ ትሸጣለች። ያ ጥምዝምዝ ሊጥ ከዘይቱ ወጥቶ ስኳሩ ውስጥ ሲነከር ሽታው እኔ ክፍል ድረስ ይገባል። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ምላሷ ስለታም ነው፣ ሳቋ መንገድ ይሻገራል። ጋሽ ሳህሌ ማቀዝቀዣዋን በአንድ በጋ አራት ጊዜ ጠገነላት። ማቀዝቀዣው አልተበላሸም ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። በአራተኛው ጊዜ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ልትጠይቀኝ እንደሆነ አውቄአለሁ። አቦ፣ መጀመሪያ እኔን ስማኝ» አለችው። «ከሟች ባሌ ጋር አሥራ አምስት ዓመት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠናል። አንድ ቀን አንድ ነገር አብረን አይተን አናውቅም። ለሱ ጦርነት፣ ለኔ ፍቅር፤ እሱ ታንክ ሲያይ እኔ ሠርግ። እዚያው ሶፋ ላይ ሲሞት ምን እያየ እንደነበረ እንኳ አላውቅም። የቀረችኝን ዕድሜ እንደዚያ አልኖራትም። አጠገቤ ተቀምጠህ አንድ የፍቅር ፊልም ከኔ ጋር እይ። ያን ጊዜ ጠይቀኝ።»

ይህ ነው ጋሽ ሳህሌን እኔ ዘንድ ያመጣው። አንድ ሰው ምድቡን ለመለወጥ ሦስት ጊዜ ይፈቀድለታል። በሦስተኛው ካልሆነለት ምድቡ ይጸናል፤ ዕድሜ ልኩን አይለወጥም። ጋሽ ሳህሌ እንግዲህ ሁለቱን ጨርሷል።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን የሰው ጣሪያ ላይ ረስቼዋለሁ» አለኝ ወረቀቱን መልሶ እየሰጠኝ።

አነበብኩለት። ትሬይለሩ ላይ አንዲት ማንጎ ሻጭ ልጅ የውሃ ቦቴ ሹፌር ታፈቅራለች። ተከትላው ልትሄድ ስትነሳ እናቷ «አትሂጂ» አትላትም፤ ዝም ብላ ሻሿን ታስተካክልላታለች። መለያው ጋሽ ሳህሌን እስከዚያ ድረስ በደህና ነው የተከተለው። ልክ ሻሹ ላይ ሲደርስ «አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት፤ ንቀት» ይላል።

«ንቀት?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ? ያቺን እናት?» ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ። «ሻሹን ሁለት ጊዜ እንዳሰረችው አላየሽም? አንዴ አስራ ጨርሳ ነበር እኮ። እጇን ከልጇ ላይ ላለማንሳት ነው ፈትታ ደግማ ያሰረችው።» ይህን ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

በሩ አጠገብ ግራጫው መብራት ቦግ አለ። መለያውን ማጥፋት ረስቼ ነበር።

ያን ትሬይለር ከአራት መቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ሻሹ ሁለት ጊዜ መታሰሩን ግን አላየሁም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ መብራቱን አየሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«አሁን በከንፈርህ ያደረግከውን።»

«እንዲሁ ይደረጋል እንዴ? ካዘንኩ ነው የሚመጣው።»

«እናትየዋን አስባት።»

አሰባት። ከንፈሩን መጠጠ፣ ግራጫው በራ። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ አምስቱንም ጊዜ በራ።

ከንፈር መምጠጥ ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። አክስቴ ታደርገው ነበር፤ የሰው ሐዘን ስትሰማ፣ የወደቀ ሰው ስታይ። በእኔ ዕድሜ ያለነው ግን አንዳችንም አናደርገውም። የፊት ትምህርት ላይ መምህርታችን «አፍ ዝም ይበል» ትለን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። እንግዲህ ለዚህ ኖሯል። በዚህ ከተማ ውስጥ ለሰው ሐዘን አንጀታቸው የሚላወስ ሰዎች በሙሉ የፍቅር ጠላት ተብለው ሃያ ዓመት ታንክ ሲያዩ ከርመዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይህኛው ጉድ ሃያ መስከረም አልፎት ነው የተሰማው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። መልሱ በአራት ሰከንድ መጣ፦ «የላኩት ድምፅ ከአርባ አገሮች በተሰበሰበው መዝገብ መሠረት ንቀት ነው። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ከመለያው በፊት የተተረተ ነው፤ ነገር ግን እሱን አይተው የተረቱት ይመስላል።

የቀረን ዘዴ አለመምጠጥ ብቻ ሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጋሽ ሳህሌ ከቀትር በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይመጣል። መለያውን ለሙከራ አበራዋለሁ፣ የእናትየዋን ነገር እተርክለታለሁ፣ እሱ ይለማመዳል። ማክሰኞ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። መለያው «የጥርስ ሕመም፤ ሐኪም ያማክሩ» አለ። ረቡዕ አፉን በመዳፉ ከደነ። «ማቅለሽለሽ» አለው። ሐሙስ ስለ ማቀዝቀዣ ሞተር እንዲያስብ መከርኩት፤ አሰበ። መለያው «ወንበሩ ባዶ ነው» ብሎ ጻፈ።

ጋሽ ሳህሌ ተነሥቶ ቆቡን አነሳ።

«ተይው ልጄ። ሰው ከንፈሩን ሰፍቶ አይኖርም። ሄጄ አልቻልኩም እላታለሁ።»

በሳቅ ነበር የተናገረው፤ ሆኖም ቆቡን ገልብጦ አደረገው፣ እኔም ልነግረው አልቻልኩም። አንጀቴን በላው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለስንቱ ሰው ግራጫ ወረቀት ስሰጥ ይህን ያህል ተሰምቶኝ አያውቅም። ክፍሉን ቆለፍኩና መንገዱን ተሻግሬ እትዬ ፋናዬ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ነገር አልገባኝም ነበር፤ እሷም እኮ የሱ ዘመን ሰው ናት።

«እትዬ፣ አንቺ ከንፈር አትመጥጪም እንዴ?»

«ማን፣ እኔ? ለቅሶ ቤት ስመጥጥ ነው የማመሸው» አለች። ቃሉ ከአፏ ተጣብቆ ነበር የወጣው፤ ጉንጯ ሙሉ ነው።

«መለያው ፊትስ?»

«እዚያማ በየትኛው አፌ? የሸጥኩትን ስቀምስ አይደል የምውለው? ሰው ያልቀመሰውን ያቀርባል?»

እትዬ ፋናዬ ሃያ ዓመት ሙሉ መለያው ፊት የቀረበችው አፏ ውስጥ ሙሸበክ ይዛ ነው። ሙሸበክ ደግሞ ጥርስን ከጥርስ ሲያጣብቅ ለከንፈር ፋታ አይሰጥም። መዝገቧ ላይ የተጻፈው «ፍቅር፤ ጥልቅ ደስታ» የሚል ነው። ደስታው የስኳሩ ነበር። ነገሩን ስነግራት ሳቋ ሙሸበኩን አስፈነጠረው፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ጥምዝምዝ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ይሄ ለሱ ነው። እንዳትቆርሺበት» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሳህሌ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ጊዜ ተቀመጠ። ሙሸበኩን በእጁ ይዞ አመነታ።

«ይሄ ማጭበርበር አይሆንም?»

«እውነትህን ስታሳየው ናቅህ የሚልን ነገር ምን ታደርገዋለህ? ብላ ጋሼ።»

በላ። ትሬይለሩ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ላይ እናትየዋ ሻሹን ፈትታ ደግማ ስታስር የጋሽ ሳህሌ እንባ ጢሙ ላይ ወረደ፤ መንጋጋው ግን ሥራ ላይ ነው። መብራቱ ከወትሮው ዘገየ። ከዚያ አረንጓዴ በራ፣ ወረቀቱም ወጣ፦ «ፍቅር፤ ጥልቅ ደስታ። ሰባተኛ ረድፍ፣ ወንበር አሥራ አራት።» ጋሽ ሳህሌ ሊስቅ ፈለገ፤ አፉ አልከፈት አለው። ወንበር አሥራ አምስት የማን እንደሆነ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እሁድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ሳህሌ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። እትዬ ፋናዬ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ትሪዋን ትታ አዳራሽ ገብታ ስለማታውቅ፣ ያለ ትሪዋ አጭር መሰለችኝ። አዳራሽ ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ለምን እንዳላሰብንበት ግን ዛሬም አላውቅም።

እኔ ከኋላ የወንበሮቹን መብራት የሚያሳየው ሰሌዳ ፊት ተቀመጥኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሁሉም አረንጓዴ። ቦቴው መጣ፣ ልጅቷ ማንጎ ሰጠችው፣ ሰው ሁሉ በትምህርት ቤት እንደተማረው ፈገግ አለ። ጋሽ ሳህሌን በዓይኔ እየተከታተልኩት ነው። የመለያየቱ ትዕይንት ሲደርስ መዳፉን ወደ አፉ ወሰደ። እናትየዋ ሻሹን አሰረች። ከዚያ ፈታችው።

ከሰባተኛው ረድፍ ድምፅ ተሰማ። እሱ አልነበረም። ከንፈሯን የመጠጠችው እትዬ ፋናዬ ናት፤ አፏ ባዶ ነበር።

ወንበር አሥራ አምስት ግራጫ ሆነ። ጋሽ ሳህሌ ዘወር ብሎ አያት፤ መዳፉን ከአፉ ላይ አወረደና እሱም መጠጠ። አሥራ አራት ግራጫ ሆነ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቀጠሉ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ግራጫ የሆነ ሰው በባትሪ ተለይቶ፣ በትሕትና ይወጣል። ባትሪዬን ይዤ ተነሣሁ። ሰባተኛው ረድፍ ጋ ስደርስ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ እትዬ ፋናዬን ያያል። እንዴት እንደሚደረግ ከንፈሩን እየሞከረ ነበር። የመሳም የመሰለ ድምፅ አወጣ፣ አፈረ፣ ደገመው፤ ሁለተኛው ተሳካለት። እጮኛው ተከተለችው። ከዚያ ግራ ቀኙ፣ ከዚያ ከኋላ።

እኔ ደግሞ ስክሪኑን ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁት። የእናትየዋ እጅ ሻሹ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩ። በሠላሳ አራት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴ ውስጥ ተቆልፎ የኖረ አንድ ነገር አብሮ ወጣ፤ ደስ አለኝ። ሐዘን እንደዚያ ደስ እንደሚል የነገረኝ አልነበረም።

ከአዳራሹ ግማሽ በላይ ንቀት ካሳየ ፊልሙ በራሱ ይቆማል። ቆመ። መብራት በራ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዓይኑ እንደራሰ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልተነሣም።

«አብረን አየን?» አለ ጋሽ ሳህሌ።

«ግማሹን» አለች እትዬ ፋናዬ።

«ግማሹ አይበቃም?»

ባዶውን ስክሪን አየች፣ ከዚያ እሱን። «ሻሹ ስንት ጊዜ ታሰረ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ለምን?»

«እጇን ላለማንሳት።»

«እንግዲያው ይበቃል። ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። ያለውን አልሰማሁም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ለኔም አልተባለም። እሷ የመለሰችውን ግን አዳራሹ በሙሉ ሰማ፤ እትዬ ፋናዬ በሹክሹክታ መናገር አታውቅም። እልልታውን የጀመሩት ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያሉት አስተማሪ ናቸው።

በማግስቱ ፊልሙ ከከተማው ተነሣ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰዎች በቋሚነት የፍቅር ፊልም ጠላቶች ተብለው ተመዘገቡ። እኔ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ነኝ፤ ከሥራም ተሰናበትኩ። ማንጎ ሻጯ ሹፌሩን ታግባ አታግባ ድሬ ውስጥ የሚያውቅ የለም። የሚያየው ያጣው አዳራሽ በጥር ለሠርግ ተከራየ፤ የመጀመሪያው ሠርግ የነሱ ነበር። ሙሸበክ በየወንበሩ ታደለ፣ መብላትም አልተከለከለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገቡ ግድግዳቸው ላይ የጦርነት ትሬይለር መጣ። እትዬ ፋናዬ ለወደቁት ወታደሮች እናቶች ከንፈሯን መጠጠች፤ የጦርነቱ ፊልም ከግድግዳቸው ተነሣ። አስፈሪ ፊልም መጣ። ጋሽ ሳህሌ ለሙት መንፈሱ አዘነለት፤ «ምስኪን፣ በወጉ የቀበረው የለም» አለ፤ ያም ፊልም ተነሣ። ኳስ መጣ። ለተሸነፈው በረኛ ሁለቱም መጠጡለት። መጋቢት ሲገባ መለያው ለነዚህ ሁለት ሰዎች የሚሆን ነገር ከዓለም ላይ አጣ፤ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀረ። በድሬዳዋ ሌላ ነጭ ግድግዳ ያለበት ቤት የለም። ጎረቤት መጀመሪያ ሊያጽናናቸው መጣ፤ አሁን የሚመጣው በርጩማውን ይዞ ነው።

ባለፈው እሁድ እኔም ሄድኩ። ስገባ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ነጩ ግድግዳ ላይ አንዲት እንሽላሊት አንድ የእሳት እራት ላይ እያደባች ነው፤ ስምንት ሰው ትንፋሹን ውጦ ይመለከታል። ጋሽ ሳህሌ «ትይዘዋለች» ይላል፤ እትዬ ፋናዬ «አትይዘውም፣ አቦ፣ ክንፉን አታይም?» ትላለች። እጇን ከእጁ ላይ ሳታነሣ ወደ እሱ ጠጋ አለችና ሶፋው ላይ ለእኔ ቦታ ለቀቀችልኝ።